ረቡዕ ረቡዕ እሸነፋለሁ

ጥቅምት 6

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከስፌት መኪናሽ ቀና ባትዪም ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የጸሎት እናቶችስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ድምፄ ስለሚቆራረጥብሽ በደብዳቤ እንገናኝ ማለትሽ በጀኝ፤ ቢያንስ ወሬዬን መሀል ላይ አታቋርጪኝም።

ወንጌል የሰማኝ ተማሪ መኖሩን ለጠየቅሽኝ፣ መልሱ አጭር ነው። ማንም የለም። ዩኒቨርሲቲው ትልቁ ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ እንዳኖር ፈቅዶልኛል። «ስለ እግዚአብሔር ጥያቄ ያለው ይቀመጥ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ወንበር አስቀመጥኩ። ጥያቄ እንኳ ሞልቷል። መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው፣ ማተሚያው ለምን ቆመ፣ ይህቺን ወንበር ልውሰዳት ወይ። ከተማው ክፉ አይደለም። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ትራም ላይ ለሽማግሌ ብድግ ይላል። የእግዚአብሔር ስም ሲነሳ ግን ፈገግ ይልና ወሬ ይቀይራል። ትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መውጣት የሚለማመዱበት ስፖርት ቤት ሆኗል፤ መድረኩ በነበረበት ቦታ ጫማ ያከራያሉ። የኛ ጉባኤ ከብስክሌት ጥገና ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው የሚሰበሰበው። ጥቂት አረጋውያንና እኔ ነን። ስንዘምር ከታች መዶሻው አብሮን ይመታል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሰው ተቀመጠ። የሕግ ተማሪ ነው፣ ሁሉም ጠበቃው ይሉታል፣ የማያምኑ ተማሪዎች ክበብ መሪ ነው። ክበቡ በክርክር ክበብነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ወገን ካልኖረ አዳራሹን እንነጥቃለን ብሏቸዋል አሉ። የሚያምን ሰው በየሕንጻው ፈልገው አጡ። ረቡዕ ከሰዓት እየመጣሁ ተቃዋሚ እንድሆንላቸው ለመነኝ፣ እኔም ሄድኩ።

«እግዚአብሔር ካለ ክፋት ከየት መጣ?» አሉኝና ተሸነፍኩ፣ አክስቴ። መጨረሻ ላይ አድማጩ እጅ አውጥቶ ይፈርዳል። ለኔ አንድ እጅ ወጣና ደስ ሊለኝ ሲል፣ ልጁ መስኮቱ ይከፈትልን ለማለት ነው ያወጣው። ይህን ሁሉ ለላኩኝ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አታንብቢላቸው።

ልጅሽ


ጥቅምት 20

ልጄ፣

ጉልበቴ ያው ጉልበት ነው። አንቺ መጠየቅ ስትተዪ እሱም መታመም ይተው ይሆናል። እናቶቹ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል።

ለሽማግሌዎቹ ከደብዳቤሽ ሰላምታውንና የአየሩን ሁኔታ ብቻ አነበብኩላቸው። ስለ አየሩ አንዲት ቃል አልጻፍሽም ነበርና ከራሴ ጨመርኩ። ብርድ ነው አልኩ። ሰብሳቢያችን ግን በዚህ የሚላቀቅ ሰው አይደለም፣ «ፍሬ አለ?» አለኝ። ገና እየተዘራ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ያሳሰበኝን ልንገርሽ፣ መደበቅ አልችልበትም። ሽማግሌዎቹ እስከ ጥር መጨረሻ ነው የሚጠብቁሽ። እስከዚያ የሚታይ ነገር ከሌለ አንቺን ጠርተው በቦታሽ ነጎድጓድን ሊልኩ አስበዋል። ማይክ የማያስፈልገውን ሰባኪያችንን ማለቴ ነው። ሰውዬው ጥሩ ነው፣ ልቡም ንጹሕ ነው። ብቻ እዚያ ኮሪደር ላይ ሲናገር በዓይኔ መጣና መስኮቶቹ አሳዘኑኝ።

አንቺ መመለስ አትፈልጊም፤ በአጻጻፍሽ አውቄብሻለሁ። እንግዲያው ማሸነፍ ተማሪ። እግዚአብሔር ካለ ክፋት ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄያቸውን እኔም ደንበኞቼ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ የጠየቅኩት ሱሪ ሊለካ የመጣ ሙሽራ ነው፤ መርፌ ስለሰካሁበት መሄድ አልቻለም። «እኔ ነገ የማገባ ሰው ነኝ፣ ተይኝ» አለኝ። ሁለተኛዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ እሷ ክፋት ከአለቃዋ እንደመጣ በማስረጃ አስረዳችኝ። ለክርክርሽ የሚሆን ከሁለቱም አልወጣም።

እናቶቹ እንዲጸልዩላቸው የልጆቹን ስም ላኪልን። ስማቸውን ካልነገሩሽ የሚጠሩበት ይበቃል።

አክስትሽ


ኅዳር 8

ለውድ አክስቴ፣

አሁንም ደህና ነኝ፣ አሁንም እየተሸነፍኩ ነው። የነጎድጓድን ነገር ሳነብ ምሳዬን አቆምኩ። እውነትሽን ነው፣ መመለስ አልፈልግም።

ካላሸነፍሽ ለምን ትመላለሻለሽ ካልሽኝ ይኸውልሽ። ረቡዕ ካሸነፉኝ በኋላ ሐሙስ ብስኩት ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣሉ። መጀመሪያ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን አዳራሽ ውስጥ ሊጠይቁኝ ያፈሩትን ነው የሚጠይቁኝ። አንዱ እናቱን ስለማስቀየሙ፣ ሌላው ስለ እንቅልፍ ማጣቱ። ሐኪሟ ደግሞ አለች። የሕክምና ተማሪ ናት፣ በክበቡ ውስጥ እንደሷ አፍ የሚያስይዘኝ የለም። ጠረጴዛዬ ጋ ስትመጣ ግን ምንም አትልም። ሁለተኛውን ወንበር ይዛ የአጥንት መጽሐፏን ታነባለች፣ ስትጨርስ ደህና ዋይ ብላኝ ትሄዳለች። ለጸሎቱ እንግዲህ ጠበቃውንና ሐኪሟን ያዙልኝ።

አሁን ምክር ልጠይቅሽ። ክበቡ አንድ ልማድ አለው። በመንፈቁ ማብቂያ ላይ ተከራካሪዎች ጎን ይቀያየራሉ። ጠበቃው እግዚአብሔር አለ ብሎ ይከራከራል፣ እኔ ደግሞ የለም ብዬ። ዓላማው የሌላውን ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ ማየት ነው ይላሉ። ጠበቃው ሥራውን ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ከብስክሌት ቤቱ በላይ መጥቶ ፊት ወንበር ተቀመጠና ስብከቱን ቃል በቃል ሲጽፍ ዋለ። ሲያልቅ እጁን አውጥቶ፣ «ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ ምንጩን አልጠቀሱም» አለ። ሽማግሌው ፓስተራችን አቀፉት። ስብከታቸውን የጻፈላቸው ሰው እስከ ዛሬ አጋጥሟቸው አያውቅም።

እኔስ ላድርገው ወይስ ልተወው? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ልጅሽ


ኅዳር 22

ልጄ፣

አድርጊው። ሦስት ቀን አሰብኩበትና ነው የምልሽ።

እኔ የማልወደውን ሰው ትከሻ ስለካ ሜትሩን አላጠብቅበትም። የሰውየው ትከሻ ያው ትከሻው ነው። የነዚያንም ልጆች ሐሳብ እንዲሁ በልኩ ለኪው። ደግሞ ስትናገሪ ለብ ለብ እንዳታደርጊው። ያ ልጅ የእሑድ እንቅልፉን ሰውቶ ለኛ ወገን እየተዘጋጀ፣ አንቺ ለነሱ ወገን የይስሙላ ብትናገሪ ያሳፍረኛል። ግማሽ ሥራ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ሽማግሌዎቹን ጠይቀሻል ወይ ካልሽኝ፣ አልጠየቅኩም። ብጠይቃቸው ይከለክሉኛል፤ ከከለከሉኝ በኋላ ብናደርገው አለመታዘዝ ነው። አሁን ግን መንገር ረሳሁ ማለት ብቻ ነው።

እናቶቹ ልጆቹን ይዘዋቸዋል። ሐኪሟን የያዘቻት መዘምራኑን የምትመራው ሴትዮ ናት። ዝም የምትል ልጅ ብዙ ነገር አላት ብላ ከሌሎቹ አስበልጣ ታስባታለች።

ወፍራም ካልሲ ልኬልሻለሁ፣ አድርጊው። ለሰው እንዳትሰጪ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 14

ለውድ አክስቴ፣

ካልሲው ደርሶኛል፣ እግሬ ላይ ነው።

አሸነፍኩ። መንፈቁን ሙሉ ተሸንፌ፣ ያሸነፍኩባት አንዲት ቀን እግዚአብሔር የለም ያልኩባት ሆነች። እጃቸውን ሲያወጡ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጠበቃው ምን አለ ካልሽኝ፣ ከኔ የተሻለ ተዘጋጅቶ ነበር። ማስረጃ በማስረጃ ላይ ደረደረ። ከፓስተራችን ስብከት እየጠቀሰ ቀንና ሰዓት ሁሉ ተናገረ። መሀል ላይ ከመዝሙራችን አንድ ስንኝ ልዘምር ብሎ ተነሣና ዜማው ጠፋበት፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ሲያልቅ ግን ወደኔ መጥቶ፣ «ያንቺን ነገር አበላሸሁብሽ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው ያዘነው። አንጀቴን በላው።

እኔ ምን ብዬ እንዳሸነፍኩ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም። ስመጣ አጠገብሽ ተቀምጬ እነግርሻለሁ። እባክሽ አትቆጪኝ። እዚህ ብርዱ ጠንክሯል፣ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ይቆማል። ይኸው ስለ አየሩም ጻፍኩልሽ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 25

ልጄ፣

ንግግርሽ ከደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰ። ጠበቃው ባንቺ ማሸነፍ ኮርቶ፣ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለቤተ ክርስቲያናችን የኢንተርኔት ገጽ ልኮታል። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ልጃችሁ ጎበዝ ናት» ብሎ ጽፎበታል። ልጁ መልካም ማድረጉ ነው፣ አትቆጪው። እኛ ግን ልጃችን እግዚአብሔር የለም ብላ ስታሸንፍ መዘምራን ክፍል ውስጥ ተሰብስበን አየን። የጎረቤቴ ልጅ ናት ስልኳን የያዘችልን።

ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ጋሼሽ ነበር የተናገርሽው። ታሞ በተኛ ጊዜ አክስቴ ነጋ ጠባ ተንበርክካ ጸለየች፣ ጉልበቷ ያረፈበት ቦታ ላይ ምንጣፉ ሳሳ፣ እሱ ግን ሞተ አልሽ። የሚሰማ ቢኖር እሷን ይሰማት ነበር አልሽ።

እናቶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ስልኩን መለስኩላትና ቤቴ ገብቼ የሰው መጋረጃ ጫፍ መስፋት ጀመርኩ። ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፣ አሁንም ጠማማ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በጥር የመጨረሻ እሑድ ይሰበሰባሉ። ትምጣ የሚሉት በዝተዋል። እኔ አድርጊው እንዳልኩሽ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰብሳቢው እስካሁን አፉን እንደያዘ ነው። ያን ለኔ ተይውና አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ከልብሽ ነው ወይ? ሳትዋሺ ጻፊልኝ። ከልቤ ነው ብትዪኝም ያው ልጄ ነሽ።

አክስትሽ


ጥር 3

ለውድ አክስቴ፣

ይቅር በይኝ። ይህን ቃል መጻፍ ስጀምር ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አልነግርሽም። ሐዘንሽን ሳላስፈቅድሽ አደባባይ አውጥቼዋለሁ፣ እኔ እያለሁ ከሰው ስልክ ላይ ሰማሽው።

በመጀመሪያ ከመጻሕፍት የለቀምኩትን ነበር ያዘጋጀሁት። ሳነበው ለብ ያለ ሆነብኝ። ለብ ለብ እንዳታደርጊው ብለሽኝ ነበርና እውነተኛ ነገር ፈለግኩ፣ ከዚያ ሌላ እውነተኛ ነገር አልነበረኝም። ከልብሽ ነው ወይ ላልሽኝ፣ ስናገረው ከልቤ ነበር። ተናግሬ ስቀመጥ ፈራሁ። እግዚአብሔር የለም ብዬ አላምንም። ግን ያን ጥያቄ ልጅ ሆኜ በሩ ሥር ቆሜ ጸሎትሽን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ላንቺ ማንሳት አልደፈርኩም፤ ለማላውቃቸው ሰዎች ግን ተናገርኩት። ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ።

ያልጻፍኩልሽ ሌላም አለ። እጁ ከተቆጠረ በኋላ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ሐኪሟ ከኋላ ሆና ጠየቀችኝ።

«ሴትዮዋ አሁን ምን ትላለች?»

«ትጸልያለች» አልኳት።

«ለማን?»

«ለናንተ።»

ቀጥላ፣ «ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት ወደ ጸሎት ተመለሰች?» አለችኝ። ቤትሽ አድጌ፣ እጅሽ ያበሰለውን በልቼ፣ አላውቀውም። ደግማ ጠይቃኛለች፤ ጠብቂ ብያታለሁ።

እንዴት ተመለስሽ፣ አክስቴ?

ልጅሽ


ጥር 12

ልጄ፣

ይቅር ብዬሻለሁ፣ በዚህ ላይ ድጋሚ ቀለም አታባክኚ። መጋረጃውም ተስተካክሏል።

የጠየቅሽኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የጠየቀኝም የለም፤ ሰዉ ሁሉ እንደጸናሁ ነበር የሚያስበው። ጋሼሽ ከተቀበረ በኋላ መጸለይ ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ቤቱ ጭር ስለሚልብኝ። ስገባ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ሲዘምሩ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሥራ ቦታዬ ላይ ግን የስፌት መኪናው ሞተር ሲነሣ እኔም እነሣለሁ። እየሰፋሁ እጮኻለሁ። ምን አደረግኩህ፣ ይህን ያህል ለምኜህ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቅኩህ፣ እያልኩ። ሞተሩ ስለሚሸፍነኝ ማንም አይሰማም። ልብስ ሳስረክብ ፊቴ ደህና ነው። በየቀኑ እንዲህ ነበርኩ፣ ለብዙ ጊዜ።

አንድ ቀን በጩኸቴ መሀል መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም። «ደግሞ ዝም ትለኛለህ!» ብዬ ጮኼ ዘወር ስል፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ካፖርቷን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። በቁሜ ቀለጥኩ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ይጨርሱ፣ እኔ አልቸኩልም» አለችኝ።

ሳቅ አፈነኝ። ጋሼሽ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቄ ነበር። ተያይዘን ሳቅን፣ እሷ ለምን እንደምንስቅ እንኳ በደንብ አልገባትም። ካፖርቷን ይዛ ከሄደች በኋላ መብራት ስጠብቅ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የምጣላው ከማን ጋር ነው? የለም ብዬ ቆርጬ ቢሆን ዝም ብዬ ልብሴን እሰፋ ነበር። ለሌለ ሰው ማን ይህን ያህል ይጮኻል?

እንዲህ ነው የተመለስኩት፣ ልጄ። ጋሼሽን ለምን እንደወሰደብኝ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ስደርስ እጠይቀዋለሁ፣ ጥያቄውን አልረሳሁትም። እስከዚያው ግን እንነጋገራለን።

ለልጆቹ አንብቢላቸው፣ ፈቅጄአለሁ። ሽማግሌዎቹም ፊት ይህንኑ ነው የምናገረው። ከጠሩሽም ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፣ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትወርጂ።

አክስትሽ


ጥር 22

ለውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ትራም ውስጥ ነበርኩና መውረጃዬ አለፈኝ። ቀጣዩም አለፈኝ። አልቅሼ ስጨርስ ከተማው ዳር ደርሻለሁ።

ረቡዕ ወደ ራሴ ጎን ተመልሼ ተነሣሁና ያንቺን ብቻ አነበብኩላቸው። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። መብራቱ የጠፋበት ቦታ ላይ ሲስቁ፣ ድምፁ ሳቅና ሌላ ነገር የተደባለቀበት ነበር። ጠበቃው ሊቃወም ተነሣ፣ ወረቀቱን አየ፣ መልሶ ተቀመጠ። ዛሬ ድምፅ ባንሰጥ ምን አለበት አለ። ሰዓት ጠባቂው ግን ደንብ ደንብ ነው አለና እጅ ተቆጠረ። ተሸነፍኩ። አሁንስ በጥቂት እጅ ልዩነት ነው፤ መስኮት ይከፈት ያለም አልነበረም።

ሐሙስ ሐኪሟ መጣች። እንደ ልማዷ ተቀምጣ መጽሐፏን ገለጠችና ወዲያው ከደነችው።

«እኔም እጮኻለሁ» አለችኝ። «ታናሽ እህቴ ከሞተች ጀምሮ። ሻወር ከፍቼ ነው፣ ውሃው ስለሚሸፍነኝ። ማን ላይ እንደምጮኽ ግን አስቤው አላውቅም።»

እንዳንቺ የሚናገር አንደበት የለኝም፤ ወንበሬን ወደሷ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል፣ አንዱ መጥቶ ማተሚያው ለምን ቆመ አለን፣ ሁለታችንም አልመለስንለትም። ስትሄድ፣ «አክስትሽ ትጽፍልኝ ይሆን?» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ከጠሩኝ እታዘዛለሁ። ይህችን ልጅ ግን እዚያ ወንበር ላይ ትቼያት መሄድ አልፈልግም። መቆየት እፈልጋለሁ፣ አክስቴ።

ልጅሽ


የካቲት 4

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የስብሰባው ዕለት ጠዋት ደረሰኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ገባሁ።

እንዳልኩሽ የስፌት መኪናውን ታሪክ ነገርኳቸው፣ ጩኸቱንም አልቀነስኩም። ስጨርስ ሰብሳቢያችን ያችኑ ጥያቄውን ጠየቀኝ። ፍሬ አለ? እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር። የሐኪሟን ነገር ባነብላቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን የልጅቱ ሐዘን የሷ ነው፤ አንዴ ያለፈቃድ አደባባይ የወጣ ሐዘን ምን እንደሚያደርግ እኔ አይቼዋለሁ። አላውቅም ብዬው ተቀመጥኩ። የጠሩሽ መሰለኝ።

ከዚያ ነጎድጓድ ተነሣ። ሻንጣው ተዘጋጅቷል ሲባል የሰነበተው እሱ ነው። ለልጃችን ንግግር መልስ ላዘጋጅ ብዬ ቤቴ መስተዋት ፊት ስለፋ ከረምኩ፣ አልቻልኩም አለ። እኔ ብሄድ የምናገረው አለኝ፣ የምሰማበት ጆሮ ግን ገና አላበጀሁም አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ከኋላ ያሉት አይሰማም ብለው ጮኹበት። በሕይወቱ ተብሎ የማያውቅ ነገር ነው፣ ደግሞ ተናገረው።

ትቆይ ተባለ። እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ። ጎን መቀያየር ግን ከእንግዲህ በፈቃድ ብቻ ነው ብለው በቃለ ጉባኤ ያዙ። ፈቃዱን የምሰጠው እኔ እንድሆን ተደርጓል፣ ሰብሳቢው ሲፈርም ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ነጎድጓድም አንድ ሐሳብ አለው፤ እዚያ ብርዱ ሲያልፍ መጥቶ አንድ ረቡዕ ከኋላ ተቀምጦ ሊያዳምጥ ይፈልጋል። አስጠንቅቄዋለሁ፣ አፉን እንዲከፍት አልፈቀድኩለትም።

ለሐኪሟ የጻፍኩት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታሽጓል። አንቺ አትክፈቺው። ምን ጻፍሽላት ብለሽም አትጠይቂኝ፣ የሁለት ጯኺዎች ጉዳይ ነው።

አክስትሽ